ዝም ያለባችሁ የጊታር አምፕሊፋየር፦ ከዜሮ እንደገና እንሥራው

ባለፈው ክረምት የሰፈር ልጆች ሦስት አምፕሊፋየር በጫማ ካርቶን ይዘው ቤቴ መጡ። አንዱ ዝም ብሏል። አንዱ ያፏጫል። ሦስተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የሦስቱም ጥፋት አንድ ነው፦ ሁሉንም በይደው ከጨረሱ በኋላ ነው ባትሪ የሰኩት። እንዲህ ከተሠራ ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ በቁራጭ በቁራጭ እንሠራለን። ትንሽ በይዱ፣ ለኩ፣ ስሙ፤ ከዚያ ቀጥሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከጀመራችሁ እሁድ ማታ ትጫወቱበታላችሁ።

ልኩን አስቀድመን እንወቅ። የምንጠቀምበት አይሲ (ድምፅ የሚያጎላው ባለ 8 እግር ትንሽ ቁራጭ) ኤልኤም386 ነው። በ9 ቮልት የሚሰጠው ግማሽ ዋት ገደማ ነው። ለመኝታ ቤት ይበቃል፤ ጎረቤትም ይሰማዋል። ሞንታርቦ ግን አይደለም። ጣና ዳር ይዛችሁት ብትወጡ ግድግዳ ስለሌለ ድምፁ ነፋስ ይበላዋል፤ «ተበላሸ» ብላችሁ አትደናገጡ።

ሳትጀምሩ የሚነበብ

ከሶኬት አትሥሩ። ይህ ዕቃ በባትሪ ብቻ ነው የሚሠራው። 220 ቮልት ለጀማሪ መለማመጃ አይሆንም። የስልክ ቻርጀርም አይሆንም፤ ቮልቱ ትንሽ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ጩኸት ያስገባል።

የባጃጅ ባትሪም ይቅር። 12 ቮልት ይባል እንጂ ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ያልፋል። የኤልኤም386 ኤን-1 እና ኤን-3 የሥራ ጣሪያ 12 ነው። ኤን-4 የተባለው እስከ 18 ይችላል፤ ግን ገበያ ላይ የትኛው እንደሚገጥማችሁ አይታወቅም።

ስትበይዱ መስኮት ክፈቱ። ሶልደሩ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፤ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

የሚያስፈልጋችሁ

ከመሣሪያ፦ ከ30 እስከ 40 ዋት የሆነ የሶልደር ካውያ፣ ቀጭን ሶልደር፣ እርጥብ ስፖንጅ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ዲጂታል ቴስተር። ቴስተር ከሌላችሁ ተዋሱ። ያለ ቴስተር የሚሠራ ሰው በጨለማ መርፌ እንደሚፈልግ ነው።

ከዕቃ፦

- ኤልኤም386 (ሁለት ግዙ፤ አንዱ ሊሞት ይችላል) እና ባለ 8 እግር ማቀፊያ ሶኬት
- ባለ 8 ኦም ስፒከር፣ ቢቻል ከ5 ኢንች የማያንስ
- ቢሲ547 ትራንዚስተር እና 1ኤን4007 ዳዮድ
- ሬዚስተር፦ 10 ኦም፣ 1 ኪሎ ኦም፣ 10 ኪሎ ኦም አንድ አንድ፤ 1 ሜጋ ኦም ሁለት
- ትንንሽ ካፓሲተር፦ 104 የተጻፈበት ሁለት፣ 473 የተጻፈበት አንድ
- በርሜል ካፓሲተር፣ ሁሉም 16 ቮልትና ከዚያ በላይ፦ 10 ማይክሮፋራድ ሦስት፣ 100 ማይክሮፋራድ አንድ፣ 220 አንድ፣ 470 አንድ
- 10 ኪሎ ኦም የቮሊዩም መዞሪያ፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ የጊታር ጃክ መሰኪያ
- ባለ ቀዳዳ ቦርድ፣ ሽቦ፣ አንድ ክንድ ሽፋን ያለው የማይክ ገመድ
- ስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ማቀፊያ

አራት ማዕዘኗን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብዙ ሰው ይመርጣል፤ እኔ አልወዳትም። ስድስት ድንጋይ ተቀጣጥሎ ያንኑ 9 ቮልት ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን እጥፍ ድርብ ነው። ትንሿ ባትሪ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ትደክማለች።

ባሕር ዳር ውስጥ ሬዚስተርና ካፓሲተር ቴፕና ቲቪ ከሚጠግኑት ዘንድ አይጠፋም። «የሞተ ሬዲዮ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስፒከሩንም፣ መዞሪያውንም፣ አንዳንዴ አይሲውንም ከዚያው ታገኛላችሁ። ፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) ኤሌክትሪካል የሚማር ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ የቀረው ይሟላል። ካልሆነ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ዝርዝሩን በወረቀት ስጡት። በቃል አትንገሩት፤ 10 ኦም ብላችሁት 10 ኪሎ ኦም ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ስፒከሩን ፈትኑ

1. ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጉ። ሁለቱን የስፒከር እግሮች ለኩ።
2. ከ6 እስከ 7.5 ካሳየ ባለ 8 ኦም ነው። ከ3 እስከ 4 ካሳየ ባለ 4 ኦም ነው፤ አብዛኛው የመኪና ስፒከር እንዲህ ነው። አይሲውን ያግላል፣ ባትሪ ይበላል፤ ተዉት።
3. ምንም ካላሳየ ውስጡ ተቆርጧል። ጣሉት።
4. አንድ ድንጋይ ለቅጽበት ብቻ አስነኩት። «ጭክ» ይላል፤ ወረቀቱም ይንቀሳቀሳል።

ወረቀቱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ፍርክርክ የሚል ድምፅ ካለ ውስጡ ያለው የሽቦ ጠመዝማዛ ይፋተጋል፤ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ የኤሌክትሪክ መስመሩ

ቦርዱ ላይ ሁለት ረጅም ሽቦ ዘርጉ። የላይኛው ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ግራውንድ። በማርከር ጻፉበት።

1. ከባትሪው ቀይ ገመድ ወደ አንዱ ማብሪያ፣ ከማብሪያው ወደ ዳዮዱ፣ ከዳዮዱ ወደ ፖዘቲቩ መስመር በይዱ። የባትሪውን ጥቁር ገመድ ወደ ግራውንዱ መስመር በይዱ። የዳዮዱ ነጭ ቀለበት ወደ ቦርዱ ይሁን። ድንጋይ ገልብጣችሁ ብትከቱ አይሲውን የሚያድነው እሱ ነው።
2. 220 ማይክሮፋራዱን በሁለቱ መስመሮች መካከል አድርጉ። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ጎኑ ላይ ሰረዝ ያለበት ወደ ግራውንድ።
3. አብሩና መስመሮቹን ለኩ። ባትሪው ካለው ግማሽ ቮልት ያህል ቀንሶ ማየት አለባችሁ።

*ዜሮ ከሆነ፦* ዳዮዱ ተገልብጧል ወይም ማብሪያው አልነካም። *በርሜሉ ከሞቀ፦* ወዲያው አጥፉ፤ ገልብጣችሁታል። የተገለበጠ በርሜል ይፈነዳል፤ ፊታችሁን አታስጠጉ።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር። ካውያውን እግሩና መዳቡ አንድ ላይ የሚገናኙበት ላይ አሳርፉ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ ሶልደሩን መጋጠሚያው ላይ አስነኩት እንጂ ካውያው ላይ አይደለም። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ እግሩን አቅፎ ይቀመጣል። ግራጫ ኳስ ሆኖ ከተቀመጠ አልያዘም። እኔ ማታ አልበይድም። መብራቱ ሲዳከም ካውያውም ይዳከማል፤ ሳላውቀው ሙሉ ቦርድ ግራጫ ኳስ አድርጌ አውቃለሁ። መብራት መሃል ላይ ከሄደም አትሟገቱ፤ ካውያውን አስቀምጡና ቡናችሁን ጠጡ።

ደረጃ 3፦ አይሲው፣ ያለ ድምፅ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። አይሲውን ከላይ እዩት። ጫፉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ምልክት ወደ ላይ ይሁን። ከላይ በግራ ያለው እግር 1 ነው። በግራ ወደ ታች 2፣ 3፣ 4። ከዚያ ከታች በቀኝ 5 ተነስቶ ወደ ላይ 6፣ 7፣ 8።

አሁን ቦርዱን ገልብጡት። ሁሉም ተገለበጠ አይደል? እግር 1 ወደ ቀኝ ሄደ። እናንተ ደግሞ የምትበይዱት ከዚህ በኩል ነው። የመጀመሪያውን አምፕሊፋየሬን ያቃጠልኩት በዚህ ነው፤ እግር 6 ብዬ ፖዘቲቩን የሰጠሁት ለእግር 3 ነበር። ስለዚህ ሶኬቱን እንዳስቀመጣችሁ፣ ከሥር በኩል እግር 1 አጠገብ በማርከር «1» ብላችሁ ጻፉ።

1. ባዶውን ሶኬት በይዱ። አይሲው ገና አይገባም።
2. እግር 6ን ከፖዘቲቭ፣ እግር 4ን ከግራውንድ፣ እግር 2ንም ከግራውንድ አገናኙ።
3. አንዱን 104 ከእግር 6 ወደ እግር 4 አድርጉ። አጭር ይሁን፤ ከሶኬቱ ሥር ቢሆን ይመረጣል።
4. 10 ማይክሮፋራድ ከእግር 7 (ፖዘቲቩ) ወደ ግራውንድ።
5. 10 ኦሙን ከእግር 5 አስነሱ፤ ከጫፉ 473ቱን ቀጥሉ፤ የ473ቱ ሌላ ጫፍ ወደ ግራውንድ። ይህን ጥንድ «ምን ይሠራል» ብሎ የሚዘለው ብዙ ነው። ከዘለላችሁት አይሲው ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ ብቻውን ይጮኽና ይግላል።
6. አብሩ። ባዶው ሶኬት እግር 6 ላይ ሙሉ ቮልት፣ ሌሎቹ ላይ ዜሮ መሆኑን ለኩ። አጥፉ።
7. አይሲውን ሰኩ፤ ጎድጓዳውን አስተካክሉ። አብሩ። እግር 5ን ለኩ።

እግር 5 የእግር 6ን ግማሽ ያህል ማሳየት አለበት። 8.4 ካለ 4.2 አካባቢ። ይህን ካገኛችሁ አይሲው በሕይወት አለ።

*ግማሽ ካልሆነ፦* ወደ ዜሮ ወይም ወደ ሙሉ ከተጠጋ እግር 2ና 4 ግራውንድ መንካታቸውን እዩ። ሁሉም ልክ ሆኖ እምቢ ካለ ሁለተኛውን አይሲ ሞክሩ። *ጣት የሚያቃጥል ከሆነ፦* አጥፉ። ያለ ድምፅ ሲቀመጥ የሚበላው ከ4 እስከ 8 ሚሊአምፒር ነው፤ ለብ ማለት እንኳ የለበትም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ድምፅ

1. የ470 ማይክሮፋራዱን ረጅም እግር ከእግር 5 ጋር በይዱ። አጭሩን ወደ ስፒከሩ ፖዘቲቭ። የስፒከሩ ሌላ እግር ወደ ግራውንድ። ብዙ ሥዕል ላይ 220 ነው የሚባለው፤ ከ8 ኦም ጋር ሲሆን ግን ከ90 ኸርዝ በታች ይቀንሳል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ላይ ነው።
2. መዞሪያውን፣ ዘንጉ ወደ እናንተ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ያዙት። ግራው ወደ ግራውንድ። መሃሉ ወደ እግር 3። ቀኙ ለጊዜው ባዶ።
3. አብሩ። መሃል ላይ አዙሩት። የካቻቢቴውን ብረት ይዛችሁ ቀኙን እግር ንኩ።

«እምምም» ካለ እልል በሉ። ያ ድምፅ ከቤቱ የመብራት መስመር ሰውነታችሁ የሰበሰበው 50 ኸርዝ ነው። ለዚህም ነው መብራት ሲጠፋ ይህ ፈተና የማይሠራው፤ የሚሰበሰብ ነገር የለም። አንድ ልጅ ሰፈሩ ጨለማ በሆነበት ሰዓት ሲነካካ አምሽቶ፣ ጤነኛ አይሲ ነቅሎ ጥሏል።

መብራት ከሌለ የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ቁረጡ፤ የአንዱን ጆሮ ሽቦ ከቀኙ እግር፣ የጋራውን ከግራውንድ አገናኙና ሙዚቃ ክፈቱ። የስልኩን ድምፅ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

*ዝም ካለ፦* ከኋላ ወደ ፊት ሂዱ። ካቻቢቴውን እግር 3 ላይ አስነኩ። እዚያ ድምፅ ካለ ችግሩ መዞሪያው ነው። እዚያም ከሌለ ስፒከሩን ነቅላችሁ በድንጋይ ፈትኑ፤ «ጭክ» ካለ 470ው በደንብ አልተበየደም።

ደረጃ 5፦ ለጊታሩ መግቢያ

«ጊታሩን ቀጥታ ከመዞሪያው ባገናኘው?» ይሠራል፤ ግን ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው ነው የሚያወራው። የጊታር ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ደካማ ነው፤ 10 ኪሎ ኦም ይጫነዋል፣ ቅጥነቱን ይበላዋል። ቢሲ547 መሃል ገብቶ ሸክሙን ያቃልልለታል።

የቢሲ547 ጠፍጣፋ ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች፦ ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። በምትኩ 2ኤን3904 ከሰጧችሁ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

1. 1 ኪሎ ኦሙን ከፖዘቲቩ መስመር ወደ ኮሌክተሩ። ከኮሌክተሩ 100 ማይክሮፋራዱን (ረጅሙ እግር ኮሌክተር ላይ) ወደ ግራውንድ።
2. አንዱን 1 ሜጋ ኦም ከኮሌክተር ወደ ቤዝ፣ ሌላውን ከቤዝ ወደ ግራውንድ።
3. 10 ኪሎ ኦሙን ከኤሚተር ወደ ግራውንድ።
4. 10 ማይክሮፋራድ ከኤሚተር (ረጅሙ) ወደ መዞሪያው ቀኝ እግር።
5. ሁለተኛውን 104 ከቤዝ ላይ አስነሱ። ሌላው ጫፉ የጊታር መግቢያ ነው።

አብሩና ኤሚተሩን ለኩ። ከ2 እስከ 3.5 ቮልት ከሆነ ልክ ነው። ቤዙን አትለኩ፤ ርካሹ ቴስተር ራሱ ስለሚጫነው የውሸት ቁጥር ይሰጣችኋል። ኤሚተር ላይ ዜሮ ካያችሁ ትራንዚስተሩ ተገልብጧል፣ ወይም በ1 ሜጋ ኦም ፋንታ ሌላ ሬዚስተር ገብቷል። 1 ሜጋ ቡኒ-ጥቁር-አረንጓዴ፣ 10 ኦም ቡኒ-ጥቁር-ጥቁር ነው። በአምፖል ብርሃን ዓይናችሁን አትመኑ፤ ለኩት።

ደረጃ 5 ላይ ያለውን ቁጥር 1 አትዝለሉ። ከዘለላችሁ ድምፅ ከፍ ስታደርጉ «ፑት-ፑት-ፑት» ይጀምራል፤ ልክ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ሞተሩ ሲነሳ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ስፒከሩ ባትሪውን ጎተት ሲያደርግ ቮልቱ ይወርዳል፤ ውርደቱ በቤዙ በኩል ተመልሶ ይገባና እንደገና ይጎላል። 1 ኪሎ ኦሙና በርሜሉ በሩን ይዘጉበታል። እነሱ ኖረውም ፑት-ፑት ካለ ድንጋዩ ደክሟል።

ደረጃ 6፦ ጃኩ

1. የጊታር ገመድ መሰኪያው ውስጥ ሰክታችሁ በቴስተር የትኛው እግር ከገመዱ ጫፍ፣ የትኛው ከግንዱ ጋር እንደሚነካ ለዩ።
2. ሽፋን ያለውን ገመድ ተጠቀሙ። የመሃሉ ሽቦ ከጫፉ እግር ወደ 104ቱ፤ ሽፋኑ ከግንዱ እግር ወደ ግራውንድ።
3. ድምፁን ዜሮ አድርጉ፣ ጊታሩን ሰኩ፣ አብሩ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

*ሬዲዮ ጣቢያ ከሰማችሁ* ወይም እምምታው ካልቆመ፣ ሽፋኑ ግራውንድ አልነካም። ገመዱንም አሳጥሩት። የጊታሩን ብረት ስትነኩ ቀነስ ካለ ጤናማ ነው። *ቢያፏጭ፦* የመግቢያው ገመድና የስፒከሩ ገመድ ተጠላልፈው ይሆናል፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አውጡ።

ደረጃ 7፦ ሻካራ ድምፅ ለሚፈልግ

አሁን አይሲው 20 እጥፍ ነው የሚያጎላው። የቀረውን 10 ማይክሮፋራድ በሁለተኛው ማብሪያ በኩል ከእግር 1 (ረጅሙ) ወደ እግር 8 አገናኙ። ስታበሩት 200 እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ሮክ ይሆናል። እምምታውም አብሮ ይጎላል። ይህን ደረጃ የመጨረሻ ያደረግኩት ለዚህ ነው፤ ቀድማችሁ ካስገባችሁት የትኛው ጩኸት ጥፋት፣ የትኛው ፀባይ እንደሆነ አትለዩም።

ደረጃ 8፦ ሳጥኑ

ባዶውን የተቀመጠ ስፒከር ቀጭን ነው የሚጮኸው፤ ከኋላ የሚወጣው አየር ከፊት ያለውን ይሽረዋል። አናጢ ቤት የተረፈ ኮምፔንሳቶ ለምኑ። ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 25፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ይበቃል። ቀዳዳውን ስፒከሩን ደፍታችሁ አታስምሩት፤ ቪቲ የሚይዝ ጠርዝ እንዲተርፍ ከውስጠኛው ክብ ልክ ቁረጡ። ቪቲ ስታስገቡ ካቻቢቴው ሸርተት ካለ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በሌላ እጃችሁ ካርቶን ጋርዱበት። ፊቱን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኑት፤ ስስ ስለሆነ ድምፅ አይይዝም። ቦርዱን ከጃኩ ጎን፣ ከስፒከሩ ማግኔት ራቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እየተጫወታችሁ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከሰማችሁ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ማቀፊያ ነው።

ክራር ላላችሁ

ይኸው ሰሌዳ ለክራርም ይሆናል፤ ፒካፕ ብቻ ያስፈልጋል። የሚጮህ ሰዓት ወይም መጫወቻ ውስጥ ያለችውን ክብ የነሐስ ዲስክ አውጡ። ቀዩን ሽቦ ወደ ጃኩ ጫፍ፣ ጥቁሩን ወደ ግንዱ በይዱ፤ ዲስኩ ሙቀት ስለማይወድ ካውያውን ከአንድ ሰከንድ በላይ አታቆዩ። ክሮቹ ከሚያርፉባት እንጨት አጠገብ ቆዳው ላይ በሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉት። ቅጥነቱ ጆሮ ከወጋችሁ ቆዳው ላይ ወደ ጠርዝ አሽሹት። ስፒከሩን ወደ ክራሩ አታዙሩ፤ ቆዳው ድምፁን መልሶ ይቀበልና ማፏጨት ይጀምራል።

ከሳምንት በላይ የማትጫወቱበት ከሆነ ድንጋዮቹን አውጡ። የሚያፈስ ድንጋይ መጀመሪያ የሚበላው የማቀፊያውን ሽቦ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ዝም አለብኝ» ብላችሁ አይሲውን ትነቅላላችሁ።